ባሕር ዳር ሆኖ ክሪሚኖሎጂን መማር፦ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ክሪሚኖሎጂ የሚል ኮርስ ሲመዘገብ ብዙ ተማሪ አሻራ ማንሳት፣ ደም መመርመርና ገዳይ ማፈላለግ የሚማር ይመስለዋል። ያ ፎረንሲክ የሚባለው ሌላ ሙያ ነው፤ አንድን ድርጊት ማን እንደ ፈጸመው ያረጋግጣል። ክሪሚኖሎጂ የማንንም መዝገብ አይዘጋም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ኤድዊን ሰዘርላንድ የዘርፉን ሥራ በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ሕጉ እንዴት ወጣ፣ ለምን ተጣሰ፣ ለጥሰቱስ ምን ምላሽ ተሰጠ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነጣጥሎ መያዝ ያልቻለ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ቢያነብም ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው ወይ የአንቀጽ ዝርዝር ነው ወይ ስብከት። ነጥብ የሚቆረጠውም በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ኮርሱ የት እንደተቀመጠ እወቁ

በመጀመሪያ ዲግሪ ክሪሚኖሎጂ ብዙውን ጊዜ ራሱን ችሎ አይቆምም። በሕግ ዲግሪ ውስጥ ከወንጀል ሕግ ኮርሶች ጎን፣ በሶሲዮሎጂ ደግሞ ከማኅበራዊ ችግሮችና ከማፈንገጥ ጥናት ጋር ተጣምሮ ይመጣል። ስሙና የክሬዲቱ መጠን እንደ ሥርዓተ ትምህርቱ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን ከስም ያልፋል። የሕግ ተማሪ «ወንጀል ማለት በሕግ የተከለከለ ነው» ብሎ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። የሶሲዮሎጂ ተማሪ በአንጻሩ ስርቆትን፣ ውንብድናን፣ እምነት ማጉደልንና ማታለልን በአንድ ከረጢት ከትቶ «ሌብነት» ይላቸዋል። ሕጉ ግን አንቀጽ 665፣ 670፣ 675 እና 692 ብሎ ለየብቻ አስቀምጧቸዋል፤ ፖሊስም የሚመዘግበው በዚሁ ክፍፍል ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ክፍል ብትሆኑ የሌላውን ወገን ድርሻ ለብቻ ማንበብ ግድ ነው።

ጊዜያችሁን በቁጥር አስሉት። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪን የሥራ ጫና የሚለካ ክሬዲት፤ አንዱ እዚህ እንደ 27 ሰዓት ተቆጥሯል) የተሰጠው ኮርስ በ27 ሲባዛ 135 የሥራ ሰዓት ይሆናል። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ 3 ሰዓት ከተቀመጣችሁ የቀረው 5 ሰዓት ተኩል የግላችሁ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ለንድፈ ሐሳብ ንባብ፣ አንዱን ለሕግ ጽሑፍ፣ አንዱን በራስ ቃል ማስታወሻ ለመጻፍ፣ የቀረውን ለችሎት ወይም ለከተማ ምልከታ ስጡት። ሃንድአውት ብቻ ይዞ ሚድ የሚጠብቅ ተማሪ የሚጎዳው የንድፈ ሐሳቡን መደምደሚያ ስለሚያገኝና ጥያቄውን ስለማያገኝ ነው። መልስን ያለ ጥያቄው መሸምደድ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም።

ከእጃችሁ የማይለዩ ጽሑፎች

አራት ሰነዶች በፒዲኤፍም ቢሆን ስልካችሁ ላይ ይኑሩ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እና የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ። አንድ ማደናገሪያ ከወዲሁ አስወግዱ። የወንጀል ሕጉን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አንዴ የ2004፣ አንዴ የ2005 ይሉታል። የመጀመሪያው የወጣበት፣ ሁለተኛው ሥራ ላይ የዋለበት (ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም.) የፈረንጅ ዓመት ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁለት ሕግ አድርጎ የጠቀሰ አሳይመንት ግን ብርቅ አይደለም።

865ቱን አንቀጾች ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ለክሪሚኖሎጂ የሚጠቅሙት ጥቂት ናቸው። አንቀጽ 1 የቅጣትን ዓላማ፣ አንቀጽ 23 ወንጀል የሚቋቋምባቸውን ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች (የሕጉን ክልከላ፣ ድርጊቱንና የአድራጊውን ሐሳብ) ይናገራል። ከ52 እስከ 56 የዕድሜ ጉዳይ ነው፦ 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ነው፣ ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ደግሞ ሌላ አያያዝ አለው። «የወጣት ወንጀል» ብሎ ጥናት የሚጀምር ሰው ይህን ክፍፍል ካልያዘ ቁጥሮቹ ሁሉ ይደባለቁበታል፤ «ወጣት» በሕጉ፣ በወጣቶች ፖሊሲና በሰፈር ቋንቋ ሦስት የተለያዩ ዕድሜዎች ናቸውና።

ከአንቀጾቹ በፊት ግን የሕጉን መግቢያ አንብቡት። ብዙ ተማሪ ዘሎት ያልፋል፤ ለዚህ ኮርስ ከሁሉ የከበረው ክፍል እሱ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለምን መለወጥ እንዳስፈለገ፣ የትኞቹ ድርጊቶች አዲስ ወንጀል እንደሆኑ ይዘረዝራል። በቀድሞው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበር፤ በአሁኑ ሕግ አንቀጽ 587 ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድነውም። የሴት ልጅ ግርዛት አንቀጽ 565ን ያገኘው፣ ያለዕድሜ ጋብቻም በአንቀጽ 648 የተቀመጠው በዚሁ ሕግ ነው። ድርጊቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙና መዘዙ ነው። «ወንጀል በኅብረተሰብ የሚሠራ ነገር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም።

ንድፈ ሐሳቦችን በግማሽ ገጽ ካርድ

ለእያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ ግማሽ ገጽ ወረቀት መድቡና ስድስት መስመር ጻፉበት፦ ማን በየትኛው ዓመት፣ በምን ዓይነት ከተማና ዘመን፣ ምን ጥያቄ ለመመለስ፣ ምክንያት የሚለው ምንድን ነው፣ ምን ቢታይ ስህተት ይሆናል፣ እዚህ አገር ምን ይመስላል። ተማሪ የሚዘለው አምስተኛውን መስመር ነው። እሱን መሙላት ያልቻለ ሰው ንድፈ ሐሳቡ አልገባውም፤ ምንም ቢታይ ትክክል የሚሆን ማብራሪያ ውኃ አያነሳም።

ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ልብ በሉ። ቤካሪያ በ1764 ቅጣት መመዘን ያለበት በጭካኔው ሳይሆን በርግጠኝነቱና በፍጥነቱ ነው አለ። ሎምብሮሶ በ1876 ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ በፊቱና በራስ ቅሉም ይታወቃል ብሎ ተነሣ። ጎሪንግ በ1913 ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ እስረኞችን ወንጀለኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ያ የተለየ የአካል ዓይነት እንደሌለ አሳየ። የሎምብሮሶን ሐሳብ ዛሬ የሚያምን የለም፤ ስህተቱ ግን በየዓመቱ በመመረቂያ ጽሑፎች ይደገማል። 40 ታራሚዎችን ጠይቆ «28ቱ ወላጆቻቸው የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ የወላጅ መለያየት ወደ ወንጀል ይመራል» ብሎ መደምደም የሎምብሮሶ አሠራር ነው። ከማረሚያ ቤት ውጪ ያሉ፣ በዕድሜና በሰፈር የሚመሳሰሉ 40 ሰዎች ቢጠየቁ ስንቱ እንዲያ ይላል? ይህ ካልታወቀ 28 የሚለው ቁጥር ምንም አይናገርም።

ሜርተን በ1938 ጥያቄውን ከሰው አካል ወደ ኅብረተሰብ አዞረው፦ ሁሉም ሰው አንድ ግብ እንዲመኝ ተደርጎ መንገዱ ግን ለጥቂቱ ብቻ ሲከፈት ምን ይሆናል? መልሱ አምስት ዓይነት ነው፤ መስማማት፣ አቋራጭ መፍጠር፣ ግቡን ትቶ ሥርዓቱን ብቻ መከተል፣ ከሁሉም ማፈግፈግ፣ ማመፅ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ንድፈ ሐሳቡን «ድህነት ወንጀል ያመጣል» ወደሚለው ማሳነስ ነው። ሜርተን እንዲያ አላለም። ድሃ ሆኖ ምኞቱም በዚያው ልክ የሆነ ኅብረተሰብ በእሱ አስተሳሰብ ጭንቀቱ አነስተኛ ነው፤ ነገሩ ያለው በምኞትና በመንገድ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው።

ሾውና ማኬይ በ1942 የቺካጎን ሰፈሮች አጥንተው ነዋሪው ቢቀያየርም የወጣት ጥፋት መጠኑ በዚያው ሰፈር እንደሚቆይ አሳዩ። ሂርሺ በ1969 ጥያቄውን ገለበጠና «ሰው ለምን ያጠፋል?» ማለትን ትቶ «አብዛኛው ሰው ለምን አያጠፋም?» አለ፤ አራት ማሰሪያዎችንም ዘረዘረ፦ መውደድ፣ የሚያጡት ነገር መኖር፣ በሥራ መጠመድ፣ በሕጉ ማመን። ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴና ዕቁብ እዚህ ውስጥ ምን ሚና እንዳላቸው ለመጠየቅ ፈረንጅ መጥቀስ አያሻም።

ቤከር በ1963 ያነሳው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ለጎጃም ሰው ቅርብ ነው። ማፈንገጥ የድርጊቱ ባሕርይ ሳይሆን ሌሎች የሚለጥፉት ስም ነው ይላል። «ሽፍታ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በላይ ዘለቀ በጣሊያን ዘመን ጎጃም ውስጥ የተዋጋ አርበኛ ነው፤ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ፤ ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ክፍለ ከተማ በስሙ ይጠራል። አንድ ሰው፣ ሦስት ዘመን፣ ሦስት ስም። በፈተና ላይ ስያሜ የመስጠትን ንድፈ ሐሳብ አስረዱ ስትባሉ ከዚህ ጀምሩ፤ ከዚያ ግን ድክመቱንም ጨምሩ፦ ስሙ ከመለጠፉ በፊት የተፈጸመው የመጀመሪያው ድርጊት ለምን እንደተፈጸመ አይነግረንም።

አንድ ምሳሌ በሁሉም መነጽር

ንድፈ ሐሳቦችን ለየብቻ ከማጥናት አንድ ጉዳይ ይዞ በሁሉም ማየት ይሻላል። ጣና ዳር ላሉት የሚሆን ምሳሌ ይኸው፦ ዓሣ አስጋሪው ማታ መረቡን ውኃ ላይ ዘርግቶ ያድራል፣ ጠዋት ሄዶ ያነሳል። መረቡ ቢሰረቅስ?

ኮኸንና ፌልሰን በ1979 ያሉት፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው፣ እዚህ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገር በአንድ ጊዜና ቦታ መገናኘት አለበት፤ ፍላጎት ያለው ሰው፣ ተስማሚ ዒላማ፣ የጠባቂ አለመኖር። መረቡ ውድ ነው፣ ተጠቅልሎ በታንኳ ይወሰዳል፣ የማን እንደሆነ ምልክት የለውም፣ ሌሊቱን ብቻውን ያድራል። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው እንግዲህ ሌባውን ስለመለወጥ አይደለም፤ ተራ በተራ መጠበቅ ወይም መረቡ ላይ የማይፋቅ ምልክት ማድረግ ስርቆቱን ሊቀንሰው ይገባል። ይህ ካልቀነሰው ንድፈ ሐሳቡ እዚህ ቦታ ላይ ተሸነፈ ማለት ነው። አምስተኛው መስመር ተሞላ።

ሜርተንን ብትጠይቁ ከመረቡ ይልቅ ገበያውን ያያል፦ የዓሣው ዋጋ ሲጨምር መረብ መግዣ ገንዘብ ወይም የማኅበር አባልነት የሌለው ወጣት በየትኛው መንገድ ይገባል? ሂርሺ ሰርቆ የተገኘው ልጅ ማንን ያሳፍራል ብሎ ይጠይቃል። ቤከር ደግሞ አንዴ «መረብ ሌባ» የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ጋር አብሮ ያሰግራል ይላል።

ነገሩን ገልብጡት። ራሱ አስጋሪው በክረምት ዓሦቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ በሚወጡበት ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ቢዘረጋስ? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እንዲህ ያለውን አሰጋገር ለመቆጣጠር የወጣ ነው። አስጋሪው ግን ራሱን ወንጀለኛ አይልም። ሳይክስና ማትዛ በ1957 እንዲህ ያለ ሰው ሕሊናውን የሚያሳምንባቸውን አምስት ብልሃቶች ዘርዝረዋል፦ ኃላፊነትን መካድ («ልጆቼ ምን ይብሉ?»)፣ ጉዳትን መካድ («ሐይቁ አያልቅም»)፣ ተጎጂን መካድ («ዓሣው የማን ነው?»)፣ ከሳሹን መክሰስ («ተቆጣጣሪውስ ንጹሕ ነው?»)፣ ለበለጠ ታማኝነት መማል («ለቤተሰቤ ስል ነው»)። በአካባቢ ላይ የሚፈጸምን ጥፋት የሚያጠናው ዘርፍ አረንጓዴ ክሪሚኖሎጂ ይባላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ባሕር ዳር ከምትሰጣቸው ርዕሶች መካከል ገና ያልተነካካው እሱ ይመስለናል።

የጽሑፍ መልስ እንዴት ይዋቀራል

ጥያቄው «በከተማችን የሞባይል ነጠቃን በአንድ ንድፈ ሐሳብ አብራሩ» ቢል ደካማው መልስ እንዲህ ይጀምራል፦ «የነጠቃ ምክንያቶች ድህነት፣ የጓደኛ ግፊት፣ ሱስና የሥነ ምግባር ጉድለት ናቸው»። አራት ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሰዋል፤ አንዳቸውም አልተብራሩም። የተሻለው መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር የንድፈ ሐሳቡን ዋና መከራከሪያ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ከውጤቱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይናገራል፤ ከዚያም እውነት ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት ይተነብያል። ለምሳሌ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ ትክክል ከሆነ ነጠቃው ከተማው ውስጥ እኩል አይበተንም፤ ባጃጅ ቆሞ በሚጭንበት፣ በሐይቁ ዳር መናፈሻ ሰው ስልኩን ዘርግቶ በሚቀመጥበት፣ መናኸሪያ አካባቢ በመግቢያና መውጫ ሰዓት ይከማቻል። መጨረሻ ላይ ንድፈ ሐሳቡ የማይመልሰውን አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ፍላጎት ያለው ሰው ከየት እንደመጣ አይናገርም።

በ50 ደቂቃ ፈተና ለማቀድ 7፣ ለመጻፍ 38፣ ለማረም 5 ደቂቃ መድቡ። ያለ ዕቅድ የተጻፈ መልስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደ ምክር ይዞራል፦ «መንግሥት፣ ወላጅና የሃይማኖት አባቶች ሊተባበሩ ይገባል»። ያ ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለውም።

ችሎት ገብቶ ማየት

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው ስለሚል መደበኛ የወንጀል ችሎት ለማንም ክፍት ነው። ዝግ የሚሆነው ለግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራልና ለአገር ደኅንነት ሲባል ነው፤ የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይም በዝግ ይታያል። ባሕር ዳር የክልሉ መዲና ስለሆነች ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ያለው እርከን በእግርና በባጃጅ ርቀት ላይ ነው፤ ይህን ዕድል በሌላ ከተማ የሚማር ተማሪ ሁሉ አያገኘውም።

ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ ስልክ አጥፉ፣ አትቅረጹ። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ ተራ ቁጥር፣ የክሱ ዓይነት፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ተከሳሹ ጠበቃ አለው ወይስ የለውም፣ የፈጀው ደቂቃ፣ ቀጠሮ ከተሰጠ ምክንያቱ። ስም አትጻፉ። አብዛኛው የምታዩት ቀጠሮ መስጠት ነው፤ ለዚህ የሚሰላች ተማሪ ጥናቱን እያለፈው ነው። ምስክር አልቀረበም፣ መዝገቡ አልመጣም፣ ተከሳሹ ከማረሚያ ቤት አልቀረበም፤ እነዚህን ሦስት ምክንያቶች ለአምስት ቀን የቆጠረ ሰው ቤካሪያ ስለ ቅጣት ፍጥነት ካለው ጋር የሚያነጻጽረው ነገር አለው። በክረምቱ መጨረሻ ፍርድ ቤቶች ለዓመታዊ ዕረፍት ሲዘጉ ተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚቀር ምልከታውን ለዚያ ጊዜ አታስተርፉት።

ቁጥር ላይ የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች

ከድርጊት እስከ ፍርድ ያለው መንገድ ወንፊት ነው። ተፈጸመ፣ ታወቀ፣ ለፖሊስ ተነገረ፣ ተመዘገበ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደ፤ በየደረጃው የሚቀር አለ። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ወንጀል ቀነሰ» ከማለት «የተመዘገበ ወንጀል ቀነሰ» ማለት ይገባል። በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወንፊት አለ፤ ሽምግልና። ከግድያ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ፣ የደም ካሳ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ወገን ሲታረቅ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አይተውም፤ ምስክር ግን ይጠፋል። መዝገቡ «በማስረጃ እጥረት» ይዘጋል። በሪፖርቱ ላይ የፍትሕ ሥርዓቱ የከሸፈ ይመስላል፤ በቀዬው ግን በቀሉ ቆሟል። ሁለቱንም ሳይይዝ ስለ ደም መመለስ የሚጻፍ ጽሑፍ ግማሽ ነው። የቀድሞዎቹን አውጫጭኝና አፈርሳታንም እዚህ ላይ ማንሳት ያስኬዳል፤ ሕዝቡን ሰብስቦ አጥፊውን እንዲያወጣ ማስገደድ የምርመራም የማኅበራዊ ቁጥጥርም መሣሪያ ነበር።

ጥሬ ቁጥር አታነጻጽሩ። 60,000 ሕዝብ ባለው ክፍለ ከተማ 240፣ 100,000 ባለው ደግሞ 300 ስርቆት ቢመዘገብ ሁለተኛው የባሰ ይመስላል። በ100,000 ሰው ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 400፣ ሁለተኛው 300 ነው። በተቃራኒው ትንንሽ ቁጥሮችን በመቶኛ አትግለጹ፤ ከ2 ወደ 4 የወጣ ግድያ «መቶ በመቶ ጨመረ» ሲባል ሐሰት ባይሆንም ያታልላል።

የቀን አቆጣጠሩ የተለየ ወጥመድ ነው። የመንግሥት ሪፖርት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው በጀት ዓመት ይሄዳል፣ ሕዝቡ ከመስከረም ይቆጥራል፣ የውጭ ጽሑፍ ከጃንዋሪ። «2014» ብቻ ብሎ መጻፍ ሦስት የተለያዩ አሥራ ሁለት ወሮችን ሊያመለክት ይችላል። ጳጉሜንን ደግሞ አስቡ፦ ወደ ነሐሴ ከተደመረች ነሐሴ 35 ቀን ይሆንና ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ በ17 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ለብቻዋ ከተቀመጠች በሰንጠረዡ ላይ ገደል ትመስላለች። መፍትሔው ወርን በቀናቱ ማካፈል ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ መዝገብ ላይ «8 ሰዓት» የሚለው የቀን ነው የሌሊት? ካልተለየ ስለ ሰዓት የተሠራው ትንታኔ ሁሉ ከንቱ ነው።

በአማራ ክልል የብዙ ዓመት ሪፖርት የምታነጻጽሩ ከሆነ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንደ መስበሪያ ነጥብ ያዙት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው እንቅስቃሴም፣ የመመዝገብ አቅምም፣ ለፖሊስ የመናገር ልማድም አብሮ ስለሚለወጥ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት በአንድ መስመር መቀጠል አይቻልም።

ማረሚያ ቤት ላይ የሚሠራ ጥናት ሌላ ማዛባት አለው። በዓመት 120 ሰው በአንድ ወር እስራት፣ 10 ሰው ደግሞ በ20 ዓመት ይገባሉ እንበል። ከገቡት 92 በመቶው ቀላል ጥፋተኞች ናቸው። ይህ ለረጅም ዓመታት ከቀጠለ ግን በአንድ በተመረጠ ቀን ውስጥ ገብታችሁ ብትቆጥሩ የአንድ ወሮቹ 10፣ የ20 ዓመቶቹ 200 ይሆናሉ። ያ ቀን የሚያሳያችሁ ከባድ ወንጀል የሞላበት አገር ነው። ጥናቱ በማረሚያ ቤቱ ስላሉት ነው ወይስ ወደዚያ ስለሚገቡት? ፕሮፖዛሉ ላይ ይህ ይጻፍ።

መመረቂያ ጽሑፍ

«በባሕር ዳር ከተማ የወጣቶች ወንጀል መንስኤና ውጤት» የሚል ርዕስ በአንድ ሰሚስተር አይሠራም። አንድ ድርጊት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ንድፈ ሐሳብ ምረጡ፤ «ባጃጅ ተሳፋሪዎች የደረሰባቸውን የስልክ ስርቆት ለፖሊስ የማያመለክቱት ለምንድን ነው» የሚለው ይሠራል። ይህን ለማጥናት ማረሚያ ቤት መግባትም አያስፈልግም።

በየጽሑፉ የሚገለበጠውን፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ስትጠቀሙ ምን እንደሚል እወቁ። 1,200 አባላት ባሉበት ማኅበር በ5 በመቶ የስህተት መጠን 1,200ን ለ1 ሲደመር 1,200 ሲባዛ በ0.0025 (ማለትም ለ4) አካፍላችሁ 300 ታገኛላችሁ። ከአምስት ሰው አንዱ አይመልስም ብላችሁ ከገመታችሁ 375 መጠይቅ በትኑ። ቀመሩ የሚሠራው ግን የስም ዝርዝር ኖሮ በዕጣ ሲመረጥ ነው። መንገድ ላይ የተገኘውን ሰው ጠይቆ ቀመሩን ለጌጥ ማስቀመጥ አማካሪው መጀመሪያ የሚያየው ጉድለት ነው።

ከትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ስታወጡ የሚሄድበትን ተቋም ስም፣ የምትፈልጉትን መረጃ ዓይነትና ዓመታቱን ለይታችሁ አስጽፉ። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል። ዋናውንና ሦስት ቅጂ ያዙ፤ የገባበትን ቁጥርና ቀን ከመዝገብ ቤት ተቀበሉ። በጀት መዝጊያ በሆነው ሰኔ ማንም ጊዜ የለውም፤ መጋቢት ላይ መጀመር ይሻላል።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነገረው። ተማሪ አጥኚ እንደ ንስሐ አባት ምስጢር የመጠበቅ የሕግ ከለላ አለው ብላችሁ ቃል አትግቡ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላሳወቀ ሰው ራሱ ይጠየቃል፤ አንቀጽ 539 ላይ ያለው ከባድ የሰው ግድያ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ስለ ደም መመለስ ስትጠይቁ «አንተስ ገድለህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አይኑር። ስለ ልማዱ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ሚና፣ ፍርድ ስለተሰጠበት ጉዳይ ጠይቁ፤ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊትም ያልታወቀ ግድያ እንዳይነግሯችሁ በግልጽ አስታውቁ። ታራሚ ስትጠይቁ ጠባቂ አጠገብ ካለ መልሱ ለጠባቂው እንደሆነ ቁጠሩት። ይግባኝ ላይ ያለን ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ አትጠይቁ። በትዳር ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ተጎጂዋን ቤቷ ሄዶ መጠየቅ አደጋ ላይ ሊጥላት ይችላል፤ ቦታውን እሷ ትምረጥ።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ከተመለሰ ሌላ ሰው እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። «ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?» እና «ያለ ፈቃድሽ ተገደሽ ታውቂያለሽ?» የሚያመጡት ቁጥር አንድ አይደለም።

ስለ መውጫ ፈተና አጭር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥያቄዎቹ ከአማራጮች የሚመረጡ ስለሆኑ ካርዶቹን በየሳምንቱ የጻፈ ሰው በሁለት ሳምንት ይከልሳቸዋል።

ጽሑፉ ጸድቆ ሲያልቅ መረጃ ለሰጣችሁ ቢሮ አንድ ቅጂ አድርሱ፤ ለቀጣዩ ተማሪ በሩን የሚከፍተው ያ ቅጂ ነው። መጠይቆቹን በኮድ ብቻ አስቀምጡ። ኮዱን ከሰው ስም ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ግን ዶርም ቁምሳጥን ውስጥ አይቅር፤ ውጤቱ እንደጸደቀ ይቃጠል።